የማይደገመው ሲደገም

ባለፈው ክረምት፣ በነሐሴ አጋማሽ፣ ዝናሙ ከቀትር ጀምሮ የቤቱን ቆርቆሮ ሲደበድብ ውሎ ማምሻውን ጋብ ባለበት ሰዓት፣ የሰፈሩ መብራት ድርግም ብሎ ጠፋ። ሬዲዮው ዜናውን ከመካከል ቈርጦ ዝም አለ፤ ጎረቤቶቼም ሻማ ፍለጋ ሲራወጡ፣ እኔ ከመደርደሪያው ሥር የሚቀመጠውን፣ ከብዙ ዓመት በፊት በመርካቶ ምናለሽ ተራ ከአሮጌ ምድጃና ከተነቃቀለ የልብስ ስፌት መኪና መካከል አግኝቼ የገዛሁትን ባለ እጀታ ግራሞፎን አወጣሁና፣ ሞላውን ጠምዝዤ፣ አዲስ መርፌ ሰክቼ፣ አንድ ጥቁር ሸክላ አስቀመጥሁበት። ከሰው ክንድ በቀር ሌላ ኃይል የማይጠይቅ ዕቃ በመሆኑ፣ በዚያ ጨለማ ውስጥ ዜማ ይሰማበት የነበረው ቤት የእኔ ብቻ ነበር።

ሸክላው ስንጥቅ አለበት። ስንጥቁ ከፀጉር አይወፍርም፤ ነገር ግን ከጠርዙ ተነሥቶ ስም እስከ ተጻፈበት እስከ መካከሉ ክብ ወረቀት ድረስ ይዘልቃልና፣ ሸክላው በዞረ ቍጥር መርፌው ሲሻገረው «ጣ» ይላል። ሸክላው በደቂቃ 78 ጊዜ ስለሚዞር፣ ሦስት ደቂቃ በሚፈጀው ዜማ ውስጥ ይህ «ጣ» ከ230 ጊዜ በላይ ይሰማል። በገዛሁት ሰሞን ነገሩ እንደ ጥርስ ሕመም ዕረፍት ይነሣኝ ነበር፤ ሻጩ ጉድለቱን ደብቆ ሸጠልኝ ብዬም አዝኜ ነበር። እያደር ግን ጆሮዬ ከስንጥቁ ጋር ታረቀ፤ ስለ አሮጌ ዜማ፣ ስለሚያልፍና ስለማያልፍ ነገር ደጋግሜ እንዳሰላስል ያስገደደኝም እርሱ ነውና፣ የዚህ ሐተታ መነሻ ያው ስንጥቅ ነው።

የአገራችን ሰው ይህን ዕቃ «ሸክላ» ብሎ መጥራቱ ሁልጊዜ ያስደንቀኛል። ዕቃው ከጭቃ የተሠራ አይደለም። በሕንድና በአካባቢዋ በሚገኙ ዛፎች ቅርንጫፍ ላይ የሚኖሩ ጥቃቅን ነፍሳት ከሚያመነጩት ሙጫ፣ ከተፈጨ ድንጋይና ከጥቁር ቀለም ተለውሶ፣ በሙቀት ለስልሶ፣ በብረት ቅርጽ መካከል ተጨፍልቆ የተገኘ ነው። የድንጋዩ ዱቄት መርፌውን እየሞረደ ከመስመሩ ጋር ያስማማዋል፤ ስለዚህ የብረት መርፌ አንድ ገጽ ካጫወተ በኋላ ይጣላል፤ ዜማውን የሚያሰማን ራሱ እየተበላ ነው ማለት ነው። ሕዝቡ ስሙን ያወጣለት ምናልባት እንደ እንስራ ከእጅ ሲያመልጥ የሚሰበር ስለ ሆነ ይሆናል፤ እኔ ግን ስሙን በሰማሁ ቍጥር ከምድር አፈር ተበጅቶ እስትንፋስ እፍ የተባለበት ያ የመጀመሪያው ፍጡር ትዝ ይለኛል። ሸክላ ያለ እስትንፋስ ምንድን ነው? እስትንፋስስ ያለ ሸክላ ወዴት ይገኛል?

በዚህ ሸክላ ላይ እፍ ያለበት ሰው ኮልማን ሆኪንስ ይባላል። በ1904 (ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ) በአሜሪካ በሚዙሪ ግዛት የተወለደ ጥቁር ሙዚቀኛ ሲሆን፣ ቴነር ሳክስፎንን በጃዝ ውስጥ ባለ ማዕርግ ካደረጉት ሰዎች ግንባር ቀደሙ እርሱ ነው። ከ1934 ጀምሮ አምስት ዓመት በአውሮፓ ሲዘዋወር ከቈየ በኋላ፣ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ደመና ሲጠቍር ወደ አገሩ ተመለሰ፤ በተመለሰም በጥቂት ወር፣ በጥቅምት 11 ቀን 1939፣ በኒውዮርክ ከተማ «ቦዲ ኤንድ ሶል» የተባለውን ዜማ በሸክላ አስቀረጸ። የዜማው ስም በእኛ ቋንቋ «ሥጋና ነፍስ» ማለት ነው። ዜማውን የደረሰው ጆኒ ግሪን ሲሆን፣ በአሜሪካ መድረክ የታወቀው በ1930 በአንድ የቴአትር ትርኢት ውስጥ በሴት ድምፅ ተዘፍኖ ነው፤ ስለዚህ ሆኪንስ ባነሣው ጊዜ ዕድሜው ገና ዐሥር ዓመት አልሞላውም፤ ቢሆንም በየሬዲዮውና በየጭፈራው ቤት የተለመደ ነበር።

ሆኪንስ በዚያ የታወቀ ዜማ ላይ ያደረገው ነገር በቃል ለመግለጽ ያስቸግራል፤ ነገር ግን ልሞክር። ፒያኖው አጭር መግቢያ ከተጫወተ በኋላ፣ ሳክስፎኑ እንደ ጨዋ እንግዳ ገብቶ ለቤቱ ጌታ፣ ማለት ለዜማው፣ ጥቂት እጅ ይነሣል፤ ከዚያ በኋላ ቤቱን እንጂ ጌታውን አይመለከትም። ሙዚቀኞች ኮርድ የሚሉት፣ ከዜማው በታች ሆኖ እንደ ምሰሶና ማገር የሚሸከመው የድምፆች ኅብረት በቦታው ጸንቶ ሲቈይ፣ ሆኪንስ በምሰሶዎቹ መካከል አዲስ መንገድ እየጠረገ፣ አንዱን ሐሳብ ከሌላው እያስወለደ፣ ድምፁን ቀስ በቀስ እያሰፋና እያከበደ ይወጣና፣ ከጫፍ ደርሶ እንደ ደከመ መንገደኛ በዝግታ ይወርዳል። ሙሉውን ዜማ ሁለት ጊዜ ይዞረዋል፤ ዋናው ዜማ ግን ከመጀመሪያው ሰላምታ በኋላ አንድ ጊዜ እንኳ ተመልሶ አይነፋም። ሆኖም ሰሚው በልቡ ሲያዜመው ይገኛል። ያልተነፋው ዜማ ከተነፋው በታች እንደ ምድር ውስጥ ወንዝ ሲሄድ ይሰማል።

እዚህ ላይ ስለ እነዚያ የቴአትር ዜማዎች ባሕርይ ጥቂት መናገር ይገባል። በሃያኛው ምእት ዓመት የመጀመሪያ እኩሌታ በኒውዮርክ፣ ብሮድዌይ በተባለው ጎዳና ዙሪያ በነበሩ ቴአትር ቤቶች፣ ንግግርና ዘፈን የተቀላቀለባቸው ትርኢቶች በየዓመቱ በብዛት ይቀርቡ ነበር። ለእነርሱ ዜማ ይደርሱ ከነበሩት መካከል አርቪንግ በርሊን፣ ጄሮም ከርን፣ ጆርጅ ገርሽዊን፣ ኮል ፖርተር፣ ሪቻርድ ሮጀርስና ሃሮልድ አርለን ይገኛሉ። የበርሊንና የአርለን አባቶች በምኵራብ ጸሎት በዜማ የሚመሩ ሰዎች ነበሩ። ለሙዚቀኛው ፋትስ ዎለር ግጥም ይጽፍ የነበረው ጥቁር ደራሲ አንዲ ራዛፍ ደግሞ የማዳጋስካር የመጨረሻዪቱ ንግሥት ቤተ ዘመድ ነበር፤ ሁለቱ ለ1929 ትርኢት የደረሱትን «ኤይንት ሚስቢሄቪን» የተባለውን ዘፈን፣ ሉዊ አርምስትሮንግ ትርኢቱ በሚታይበት ቴአትር ቤት መለከቱን ይዞ ይጫወተው ነበር። ቀላል መዝናኛ ነው ተብሎ የሚታለፈው ዘፈን ከስደተኛ ምኵራብና ከጠፋ መንግሥት የወረሰው ኀዘን አለውና፣ ሲያስቅም እንኳ ከልብ በታች አንድ ነገር ይነካል።

የዘፈኑ ስፍር የታወቀ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ሙዚቀኞች ሜዠር በሚሉት ልክ 32 ሆኖ፣ በ4 ክፍል እየተመደበ፣ እያንዳንዱ ክፍል 8 ይይዛል። የመጀመሪያው ክፍል ይባላል፤ ይደገማል፤ ሦስተኛው ድልድይ ሆኖ ወደ ሌላ አገር ያሻግራል፤ አራተኛው ወደ ቤት ይመልሳል። በዚህ ጠባብ ስፍር ውስጥ የተደረሰው ዘፈን ለአንድ ቦታ ብቻ የታሰበ ነው፤ በሁለተኛው ገቢር፣ እገሌ የተባለው ተዋናይ፣ እገሊትን ሲለያት እንዲዘፍነው። ቴአትሩ ሌሊት ሌሊት ይደገማል፤ ዘፈኑም ከእርሱ ጋር ይደገማል፤ ሕዝቡም ወደ ቤቱ ሲመለስ እያጕረመረመ ይደግመዋል። የተፈጠረው ለመደገም ነው።

ሆኪንስ ሸክላውን ባስቀረጸ በ37ኛው ቀን፣ በኅዳር 17 ቀን 1939፣ በዚያችው ከተማ «ቬሪ ዋርም ፎር ሜይ» የተባለ አዲስ የሙዚቃ ቴአትር ተከፈተ። ዜማውን የደረሰው ጄሮም ከርን፣ ቃሉን የጻፈው ኦስካር ሐመርስታይን ነበር፤ ሁለቱም በ1927 «ሾው ቦት»ን የፈጠሩ አንጋፎች ናቸው። ቢሆንም ቴአትሩ አልሆነለትም፤ 59 ጊዜ ብቻ ታይቶ ተዘጋ፤ ከርንም ከዚያ በኋላ ለብሮድዌይ አዲስ ቴአትር ሳይሠራ በ1945 ዐረፈ። ዛሬ የዚያን ቴአትር ታሪክ የሚያወራ ሰው ማግኘት ጭንቅ ነው። ነገር ግን በውስጡ «ኦል ዘ ቲንግስ ዩ አር» የተባለ አንድ ዘፈን ነበረ፤ ይህ ዘፈን ጃዝ የሚጫወት ሰው ሁሉ እንደ ዳዊት የሚደግመው፣ ተማሪ የሚፈተንበት፣ መምህር የሚራቀቅበት ዜማ ሆኖ እስከ ዛሬ አለ። መርከቡ ሰጠመ፤ ከመርከቡ ውስጥ የነበረች አንዲት ሣጥን ግን ተንሳፍፋ ወደ ወደብ ደረሰች።

ቅዱሱን ከዓለማዊው ጋር አስተካከለ ብሎ አንባቢ እንዳይፈርድብኝ እየለመንሁ፣ ነገሩን በአገራችን ምሳሌ ላብራራው። በቤተ ክርስቲያናችን ሁለት ዓይነት የድምፅ ሥርዓት ጎን ለጎን ይኖራሉ። አንዱ ድጓው ነው፤ ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ የኖረ፣ ምልክቱ ከፊደሉ በላይ የተጻፈ፣ ዓመት በዓሉ በመጣ ቍጥር እንደ ነበረ የሚባል፣ ዜማው ቢዛባ ዐዋቂዎች ወዲያው የሚያርሙት። ሁለተኛው ቅኔው ነው። ባለ ቅኔው የጎንጅም ይሁን የዋሸራ ወይም የዋድላ ተማሪ፣ ስፍሩን ከአባቶቹ ተቀብሎአል፤ ጉባኤ ቃና 2 ቤት፣ መወድስ 8 ቤት መሆኑን ማንም አይለውጥም፤ ቃሉና ምሥጢሩ ግን ለዚያ በዓል፣ ለዚያ ጉባኤ እንዲወለድ ይጠበቃል፤ የሌላውን ቅኔ እንደ ራሱ አድርጎ ማቅረብም፣ ያረጀውን እንደ አዲስ ማምጣትም ነውር ነው። እንግዲህ የቴአትሩ ዘፈን በባሕርዩ ወደ ድጓው ያደላል፤ የሆኪንስ ጨዋታ ደግሞ ወደ ቅኔው፤ ስፍሩ የተወረሰ፣ ቃሉ የዚያች ሰዓት ልጅ ነው።

ነገር ግን ሸክላ የተባለው ብልሃት ይህን ሥርዓት ገለበጠው። ሌሊት ሌሊት ሊደገም የተሠራው ቴአትር ከነተዋናዮቹ፣ ከነመብራቱ፣ ከነጭብጨባው ጠፋ። በአንድ የጥቅምት ቀን ተነፍቶ ከአየር ጋር ሊበተን የነበረው የሦስት ደቂቃ እስትንፋስ ግን፣ ከሰማንያ ዓመት በላይ አልፎ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ በነሐሴ ጨለማ በቤቴ ይሰማል። የሚደገመው አለፈ፤ የማይደገመው ይደገማል። እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፦ አንድ ጊዜ ብቻ ይሆን ዘንድ የተወለደ ነገር እልፍ ጊዜ ሲሰማ፣ «አንድ ጊዜ» መሆኑ ይቀራልን?

እኔ አይቀርም እላለሁ፤ ምክንያቴም ይህ ነው። በዚያ ሸክላ ላይ የተቀረጸው የድምፆች ተራ ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ ድምፆቹን በኖታ ጽፎ ሌላ ሰው እንዲነፋቸው ማድረግ ይበቃ ነበር፤ ተማሪዎችም ይህን ሲያደርጉ ኖረዋል። የተቀረጸው ግን ምርጫ ነው። ሆኪንስ ወደ ድልድዩ ሲቃረብ ወደ ቀኝ ሊሄድ ይችል ነበር፤ ወደ ግራ ሄደ፤ ከፍ ሊል ይችል ነበር፤ ዝቅ ብሎ ጠበቀ። ወዴት እንደሚሄድ እኔ ከመቶ ጊዜ በላይ ስለ ሰማሁት ዐውቃለሁ፤ እርሱ ግን በዚያች ሰዓት አያውቅም፤ በድምፁ ውስጥ የሚሰማው ጣዕምም ይኸው የእርሱ አለማወቅ ነው። በዕውቀቴ የርሱን ነጻነት ልወስድበት አልችልም። ሸክላው በዞረ ቍጥር ያ ሰው ከመንታ መንገዱ ላይ እንደ ገና ይቆማል፤ እንደ ገናም በፈቃዱ ይመርጣል። ያለፈ ነገር ሊለወጥ አይችልም ማለት፣ በተደረገ ጊዜ ሊለወጥ አይችልም ነበር ማለት አይደለም፤ ይህን ልዩነት ከፈላስፎች መጽሐፍ ይልቅ ከአንድ አሮጌ ሸክላ ተምሬዋለሁ።

ከዚያ በኋላ የሆነውም ይህን ያስረዳል። ሸክላው ከታተመ ወዲህ ሕዝቡ ሆኪንስን በሄደበት ሁሉ ያንኑ ዜማ ይለምነው ጀመር፤ እርሱም እስከ ዕድሜው ማታ ሲጫወተው ኖረ፤ ነገር ግን ለራሱ ሸክላ አልተገዛም፤ በሌላ ጊዜ ሌላ አድርጎ ይነፋዋል። ኤዲ ጀፈርሰን የተባለ ዘፋኝ ደግሞ ያንን የሳክስፎን ጨዋታ ከድምፅ እስከ ድምፅ ተከትሎ ቃል አለበሰውና ዘፈን አደረገው፤ ቅኔው ድጓ ሆነ ማለት ነው። በአንጻሩ ቻርሊ ፓርከር የተባለ ሙዚቀኛ በ1947 ከዚያ ከጠፋው ቴአትር የተረፈውን የከርንን ዘፈን ወስዶ፣ ዜማውን አውልቆ ጥሎ፣ በኮርዱ ላይ ሌላ ዜማ ፈጠረና «በርድ ኦፍ ፓራዳይዝ» አለው፤ ሕጉ የደራሲ መብት ብሎ የሚጠብቀው ዜማውን እንጂ ኮርዱን አልነበረምና፣ በዚያን ዘመን እንዲህ ማድረግ በሙዚቀኞች ዘንድ የተለመደ ነበር። ድጓው እንደ ገና ቅኔ ወለደ። ጥበብ ሕያው ሆና የምትኖረው በዚህ መመላለስ ይመስለኛል።

አንዳንድ ወዳጆቼ ግን ይወቅሱኛል። አንደኛው ወቀሳ፣ ያላየኸውን አገርና ያልኖርህበትን ዘመን ትናፍቃለህ የሚል ነው። እኛ ትዝታን ስምም ቅኝትም አድርገን የያዝን ሕዝብ ስለ ሆንን፣ ትዝታ የሌለው ሰው ትዝታ ሲሰማው ማስመሰል ይመስለናል። እኔ ግን የ1939ን ኒውዮርክ አልናፍቅም። በዚያን ጊዜ እዚያ ብገኝ ኖሮ በስንት በር እንደምመለስ ዐውቃለሁ። በዚያችው ከተማ በሃርለም ሰፈር የነበረው ኮተን ክለብ የተባለው የታወቀ ቤት፣ በመድረኩ ላይ ጥቁሮችን እያጫወተ ለተመልካችነት ግን ነጮችን ብቻ የሚያስገባ ነበር፤ ዱክ ኤሊንግተን ከነኦርኬስትራው በ1927 መጨረሻ ሥራ የጀመረው በዚያ ነው። ይኸው ኤሊንግተን በ1973 ወደ አዲስ አበባ መጥቶ ተጫወተ፤ የገዛ ወገኖቹ በማይቀመጡበት አዳራሽ የታወቀው ሰው፣ ከጥቁር ንጉሠ ነገሥት እጅ ኒሻን ተቀበለ። ዓመት ሳይሞላ ሙዚቀኛው ዐረፈ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ከዙፋናቸው ወረዱ። ዘመንስ እንዲህ ነው። የምወደው ዘመኑን ሳይሆን ከዘመኑ ያመለጠውን ነው።

ሁለተኛው ወቀሳ ከበድ ይላል፤ በግፍ መካከል የተወለደውን ውበት ተቀምጠህ ታጣጥመዋለህ ይላል። ለዚህ የምሰጠው መልስ የጠፋውን ማሰብ ነው። የኒው ኦርሊንሱ ባለ ኮርኔት በዲ ቦልደን የጃዝ አባት ከሚባሉት አንዱ ነው፤ በ1907 ወደ አእምሮ ሕሙማን ቤት ገብቶ እዚያው በ1931 ሞተ፤ ከድምፁ አንዲት ሸክላ እንኳ አልቀረችም። በጦርነቱም ዘመን ከሕንድ የሚመጣው ሙጫ ስላነሰ፣ ሕዝቡ አሮጌ ሸክላውን እየመለሰ እንዲሰጥና ተፈጭቶ ለአዲስ እንዲውል ይለመን ነበር፤ ከ1942 ነሐሴ ጀምሮ ደግሞ የሙዚቀኞቹ ማኅበር ከአስቀራጮቹ ጋር በክፍያ ተጣልቶ ሸክላ ማስቀረጽ ስለ ከለከለ፣ አዲሱ የጃዝ ስልት ሲወለድ ብዙ ሳይቀረጽ አለፈ። ስለዚህ በእጄ ያለው አንድ ሸክላ በብዙ ዝምታ መካከል የቆመ ነው። ይህን ዐውቆ የሚሰማ ሰው ደስታው ከአድናቆት ይልቅ ወደ ምስጋና ያደላል፤ ምስጋናም ግፉን አያስረሳም።

መብራት በጠፋ በሦስተኛው ቀን የእኅቴ ልጅ ልትጠይቀኝ መጣች። ሸክላውን አጫወትሁላት፤ በትዕግሥት ሰማችና፣ «ጋሼ፣ ይኸው እኮ ያለ ቋቋታ አለ» ብላ ከስልኳ አወጣችልኝ። እውነትዋን ነው፤ ድምፁ እንደ ምንጭ ውኃ የጠራ ነበር። ሆኪንስ ከሐረግ ወደ ሐረግ ሲሻገር አየር የሚስብበት፣ ባሱ ከኋላ ሆኖ እንደ ልብ ትርታ የሚመታበት፣ በእኔ ሸክላ ላይ ተሸፍኖ የኖረው ሁሉ ተገለጠ፤ ደስም አለኝ።

ነገር ግን ወደ ድልድዩ ሲቃረብ ጣቴ የጠረጴዛውን ጫፍ ሲመታ አገኘሁት። የዜማውን ምት አልነበረም የሚመታው፤ ከምቱ ጋር አይገጥምም ነበርና። ልጅቱ አይታ፣ «ምን እየመቱ ነው?» አለችኝ። ወዲያው ልመልስላት አልቻልሁም፤ እኔም ገና እያዳመጥሁ ነበር። ሆኪንስ ዜማውን ሳይነፋው እንዳሰማን ሁሉ፣ ስንጥቁ በሌለበት ስንጥቁ ተሰምቶኛል፤ በሺህ ቅጂ የወጣውን ያንን ጨዋታ የእኔ ብቻ ያደረገው እርሱ ነበርና፣ ሲታጣ ጣቴ ቦታውን ያዘለት።

«ሸክላውን ነው» አልኋት።

ሳቀችና ስልኳን አጥፍታ፣ ወደ ግራሞፎኑ ሄዳ እጀታውን ትጠመዝዝ ጀመር።